የካምቢዮው ፉጨት ለምን ሞተሩን ብቻ ይከተላል? ሲሙሌተር ላይ የውድድር መኪና ማርሽ

ሦስተኛ_ማርሽ · አዳማ

ሰላም ለዚህ ቤት።

አንድ ነገር ከነከነኝ። አሴቶ ኮርሳ በሚባለው የመኪና ውድድር ጨዋታ ላይ የጫንኩት አንድ የውድድር መኪና ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው የሚጨምሩት መኪና) አለ። ስድስት ማርሽ፣ ሲኩዌንሻል፤ በተራ ብቻ የሚቀየር። ድምፁን መጀመሪያ ስትሰሙት ፀጉር ያቆማል። ያ የውድድር ካምቢዮ ፉጨት ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ቤት የመጣ ሁሉ «ይሄማ እውነተኛ ነው» ይላል።

አሁን ይህን ሞክሩ። በአራተኛ ማርሽ 180 ስትገቡ ፍሪሲዮን ርገጡና ነዳጁን ልቀቁ። የሞተሩ ዙር ይወርዳል፤ ትክክል ነው። ፉጨቱም አብሮት ይወርዳል። መኪናው ግን ገና በ180 እየበረረ ነው! ማርሹ አልወጣም፤ ካምቢዮው በጎማው በኩል እየዞረ ነው። ታዲያ ድምፁ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚተኛው በምን ሒሳብ ነው?

ሌላው ደግሞ ማርሽ ስቀይር ምንም ቅጣት የለም። ነዳጅ ረግጬ ብጎትተው ይገባል። አመንትቼ ብጎትተው ይገባል። ከስድስተኛ እስከ ሁለተኛ ጠ ጠ ጠ ጠ አድርጌ ባወርደው ሞተሩ ምንም አይሆንም።

ይሄ የሞድ ሠሪው ስንፍና ነው ወይስ ጨዋታው ራሱ አይችልም? መሪዬ ሎጊቴክ ጂ27 ነው፤ ሁለተኛ እጅ።

---

ካምቢዮ_ሰባሪ · አዳማ

አቦ አንተ ልጅ፣ እየተጫወትክ ነው ወይስ መንጃ ፈቃድ እየተፈተንክ? መብራት እያለ ንዳው በቃ።

---

ጋራዥ_ዘጠኝ · አዳማ

ልጄ፣ ጥያቄህ የሕፃን ጥያቄ አይደለም። ጨዋታውን አላውቀውም፤ ልጆቼ ሲጫወቱ ከኋላ ቆሜ አያለሁ እንጂ። ካምቢዮ ግን ስፈታና ስገጥም ነው ፀጉሬ የሸበተው።

የቤት መኪና የፊት ማርሾች ጥርሳቸው ሰያፍ ነው። አንዱ ጥርስ ሳይለቅ ሌላው ይይዛል። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እየተንሸራተተ ነው የሚነክሰው፤ ስለዚህ ድምፅ የለውም። ጣጣው ሰያፍ ጥርስ ማርሹን ወደ ጎን መግፋቱ ነው። ያንን ግፊት የሚችል ኩሽኔታና ጠንካራ ቤት ይፈልጋል። የውድድር መኪና ሠሪ ደግሞ ጸጥታ አያስጨንቀውም። ጥርሱን ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል። ቀጥ ያለ ጥርስ በሙሉ ስፋቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚመታው። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ። ያ ምት በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ሲደጋገም ፉጨት ይሆናል።

መስማት ከፈለግክ ሩቅ አትሂድ። ብዙ ማኑዋል መኪና የኋላ ማርሹ ቀጥ ያለ ጥርስ ነው። ፍራንኮ ጋ ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲወጣ ቆም ብለህ ስማው። ያ «ዊይይይ» የሚለው ሞተሩ አይደለም።

ስለ ቅጣቱ ልንገርህ። የቤት መኪና ሲንክሮ አለው። ሲንክሮ ቀለበት ነው፤ የሁለቱን ፍጥነት በፍትጊያ እኩል ካላደረገ ማርሹን አያስገባም። የውድድር ካምቢዮ በአብዛኛው ይህ የለውም። በማርሹ ጎን ትልልቅ ጉጦች አሉ፤ ዶግ ይሏቸዋል። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት አለ። ጉጡ ክፍተቱን ካገኘ ገባ ማለት ነው። ካላገኘ ጫፍ ለጫፍ ይጋጫል። ስለዚህ ሳያመነቱ ፈጠን ብሎ መምታት ነው። እንደ ቤት መኪና እያባበልክ ካስገባኸው ጠርዙን ትበላዋለህ።

አዲስ ጉጥ ጠርዙ ስለት ነው። ጎኑንም ልብ ብለህ ካየኸው ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ትንሽ ተሰርስሯል። ጉልበት ሲመጣበት እርስ በርሱ እንዲሳሳብ ነው። ያለቀውን በአውራ ጣትህ ስትዳስሰው ሙልጭ ይላል፤ ማዕዘኑ ከብቦ ያብረቀርቃል። እንዲህ የሆነ ካምቢዮ ነዳጅ ስትሰጠው ማርሹን ይተፋዋል። ጨዋታህ ይህን ካላሳየህ ግማሹን ነው የሚያሳይህ።

---

ሦስተኛ_ማርሽ · አዳማ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ሚኒባሱ የነገሩኝን ዛሬውኑ ወጥቼ ሰማሁት። እውነትም ራሱ ነው።

---

ሒሳብ_አይዋሽም · አዳማ

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ተማሪ ነኝ። ጋሼ የተናገሩትን በቁጥር ላስቀምጠው፤ ምክንያቱም የሞዱ ችግር ቁልጭ ብሎ የሚወጣው በቁጥር ነው።

የፉጨቱ ቅጥነት ማለት ዘንጉ በሰከንድ የሚዞረው ሲባዛ በጥርሱ ብዛት ነው። አለቀ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ምሳሌ እንውሰድ። አራተኛ ማርሽ በሞተሩ በኩል 20 ጥርስ፣ በጎማው በኩል 27 ጥርስ አለው እንበል። አምስተኛው 22 እና 25። ሞተሩ በደቂቃ 7000 ዙር ላይ ሲደርስ አራተኛው በሰከንድ ወደ 2330 ጊዜ ይመታል። አሁን አምስተኛ አስገባ። የሞተሩ ዙር ወደ 5900 ይወርዳል። ፉጨቱስ? 5900 ሲካፈል ለ60፣ ሲባዛ በ22፤ ወደ 2160 ነው።

ልብ በሉ። ሞተሩ የወረደው ወደ 16 በመቶ ነው። ፉጨቱ የወረደው ግን ወደ 7 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱ ድምፆች አብረው አይወርዱም። የሞተሩ ድምፅ ዱብ ሲል ፉጨቱ ትንሽ ብቻ ዝቅ ይላል። እውነተኛ የውድድር ቪዲዮ ስታዩ ጆሯችሁ «ይሄ እውነት ነው» የሚለው በዚህ ክፍተት የተነሣ ይመስለኛል። ሞዱ ላይ ግን ሁለቱም እኩል 16 በመቶ ይወርዳሉ፤ ምክንያቱም አንድ ፋይል ናቸው።

ሦስተኛ ድምፅም አለ፤ የዲፈረንሻሉ። እሱ ማርሹንም ሞተሩንም አያውቅም። የሚያውቀው ጎማውን ብቻ ነው። በ180 የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ቢሆን ጎማው በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። ትልቁ የዲፈረንሻል ማርሽ 31 ጥርስ ካለው 775 ምት ነው። ማርሽ በምትቀይርበት ቅጽበት ይህ ድምፅ ንቅንቅ አይልም።

እንግዲህ የሲሙሌተር ድምፅ ስትገመግሙ መጠየቅ ያለበት «ያምራል ወይ?» አይደለም። «የትኛውን ዘንግ ነው የሚከተለው?» ነው።

---

ካምቢዮ_ሰባሪ · አዳማ

> የትኛውን ዘንግ ነው የሚከተለው?

እኔ የምከተለው የቤት ኪራይ ቀኑን ነው። ቀልዱን ትተን ግን 16 እና 7 የሚለው ገርሞኛል። ዛሬ ማታ ሰምቼ እመለሳለሁ።

---

ድምፅ_ቤት · ሐዋሳ

ሰላም። እኔ መኪና አልነዳም፤ ድምፅ ነው የምሠራው። ሠርግ፣ ማስታወቂያ፣ የተገኘውን። ወንድሜ ግን ሲሙሌተር ሱሰኛ ነው፤ በእሱ የተነሣ ይህን ጉዳይ በግድ ተምሬዋለሁ።

የመኪና ድምፅ ለጨዋታ በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚሠራው። መኪናውን ቆሞ በሚዞርበት ሮለር ላይ ያወጡታል ወይም መንገድ ላይ ይነዱታል። ከዚያ በተወሰኑ ዙሮች ላይ ያስቆሙትና ይቀርጹታል። ለምሳሌ 2000፣ 3000፣ 4000 እያሉ። አንዴ ነዳጅ ተረግጦ፣ አንዴ ነዳጅ ተለቆ። ጨዋታው እነዚህን ቁርጥራጮች እያቀጠነና እያወፈረ፣ አንዱን ከሌላው እያደባለቀ ያጫውታቸዋል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። መኪናው ሲቀረጽ በአንድ ማርሽ ላይ ነው የነበረው፤ አራተኛ ይሁን። ማይኩ ውስጥ የገባው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ የአራተኛ ማርሽ ፉጨትም አብሮ ገብቷል። ከዚያ በኋላ አንደኛም አስገባ ስድስተኛ፣ የምትሰማው የአራተኛን ፉጨት ነው። ፍሪሲዮን ብትረግጥም ከሞተሩ ጋር ተጣብቋል፤ የት ይሄዳል?

ሦስተኛ_ማርሽ፣ ያንተ ሞድ እንዲህ መሆኑን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። መኪናውን አቁመህ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት) ላይ አድርግና ነዳጅ ስጠው። ፉጨቱ ልክ እንደ ሩጫው ጠንክሮ ከወጣ ድምፁ ሞተሩ ውስጥ ተጋግሯል ማለት ነው።

ጋሼ ጋራዥ ዘጠኝ ያርሙኝ፤ ፎሌ ላይ ቆሞ እንዲያ ማፏጨት የለበትም አይደል?

---

ጋራዥ_ዘጠኝ · አዳማ

ልክ ነሽ ልጄ። ፎሌ ላይ ፍሪሲዮኑ ካልተረገጠ ዘንጉ ይዞራል፤ ማርሾቹም እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይዞራሉ። ግን ሸክም የለባቸውም። ሸክም የሌለው ቀጥ ያለ ጥርስ አያፏጭም። በክፍተቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላተማል። ምጣድ ላይ ቆሎ ሲንጣጣ የምትሰሚው ዓይነት ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ጸጥ ይላል። የውድድር መኪና ቆሞ ሲሰሙት ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» የሚለው ለዚህ ነው።

ነዳጅ ሲለቀቅም ልዩነት አለ። ጉልበቱ ከሞተር ወደ ጎማ ሲሄድ ጥርሱ በአንድ ፊቱ ነው የሚገፋው። እግርሽን ስታነሺ ጎማው ሞተሩን ይጎትታል፤ ጥርሱ በሌላኛው ፊቱ ይያዛል። ያኔ «ጠ» ትላለች፤ ፉጨቱም ጠባዩ ይቀየራል። ቅጥነቱ ያው ነው፤ ቃናው ግን ሌላ ነው።

---

ቀዝቃዛ_ራስ · ሐዋሳ

ይቅርታ፣ ሁላችሁም እያጋነናችሁ ነው። ዘመናዊ የውድድር መኪና ላይ ሹፌሩ ጆሮው ላይ ሬዲዮ፣ ከላዩ ሄልሜት አለ። እናንተ የምትሰሙት ዩቲዩብ ላይ ካሜራ የቀረጸውን ነው። ካሜራው ደግሞ ከብረቱ ጋር ታስሯል፤ የሻንሲውን ንዝረት ሁሉ ይለቅማል። ሹፌሩ እንዲያ አይሰማም።

ማርሹም ቢሆን አሁን በኤሌክትሮኒክስ ነው። ፌራሪ 640 እ.ኤ.አ. በ1989 መሪ ላይ በጣት የሚቀየር ማርሽ ይዞ ብራዚል ላይ ወጣ፤ ሹፌሩ ናይጄል ማንሰል መኪናው የመጀመሪያ ውድድሩን ሲያደርግ አሸነፈበት። ከዚያ ወዲህ ፎርሙላ ዋን ላይ ቅጣት የሚባል ነገር እየጠፋ ሄደ። ዛሬ ኮምፒውተሩ የማይሆን ማርሽ ብትጠይቀው እምቢ ይልሃል። ሞዱ ሁሉንም ካስገባልህ ምን ቸገረህ?

---

ሒሳብ_አይዋሽም · አዳማ

> ኮምፒውተሩ የማይሆን ማርሽ ብትጠይቀው እምቢ ይልሃል።

ራስህ መለስከው እኮ። እምቢ ማለቱ አንድ ነገር ነው፤ ሁሉንም ማስገባቱ ሌላ። የልጁ መኪና ከስድስተኛ ወደ ሁለተኛ ወርዶ ሞተሩ ምንም አልሆነም። በእውነተኛው ዓለም ወይ ካምቢዮው እምቢ ይላል፣ ወይ ሞተሩ ከዙሩ በላይ ተጎትቶ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ሊገናኙ ይችላሉ። ዝም ብሎ አያልፍም።

የሄልሜቱን ነገር ግን እቀበላለሁ። ድምፁ ምን ያህል ይጩህ የሚለው አከራካሪ ነው። የትኛውን ዘንግ ይከተል የሚለው ግን አያከራክርም።

---

ባጃጅ_ዳር · ሐዋሳ

ኧረ እኔንም አስገቡኝ። የምትሉት ካምቢዮ እኮ ቂጤ ሥር ነው ያለው።

ባጃጅ ነው የምነዳው። ግራ እጄ ላይ ፍሪሲዮኑን ጨምቄ እጀታውን አዞራለሁ፤ አራት ማርሽ፣ በተራ። ከአራት ወደ ሁለት ስወርድ በሦስት አልፌ ነው፤ መዝለል የለም። የማርሹን ሽቦ ያጠበቀልኝ ልጅ ካምቢዮውን ፈትቶ ሲያሳየኝ ያየሁት ጋሼ ካሉት ጋር አንድ ነው። ሲንክሮ የለም፤ ጉጦች ናቸው።  ሞተር ሳይክልም ሲንክሮ የለውም፤ እዚያ ቦይ የተቆረጠበት በርሜል ይዞራል፤ ሹካዎቹ በቦዩ እየሄዱ ማርሹን ይገፉታል።

እና ሐዋሳ ላይ በየመንገዱ የውድድር መኪና ዓይነት ካምቢዮ እየነዳን ማንም አያውቅልንም ማለት ነው 😂

እጀታውን አመንትታችሁ ካዞራችሁት «ክርርር» ይላል። ቆርጣችሁ ካዞራችሁት «ጠቅ» ብሎ ይገባል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

---

ጋራዥ_ዘጠኝ · አዳማ

ባጃጅ ዳር እውነቱን ነው። ከባድ ጉዳይ አይደለም ብላችሁ አትናቁት፤ አሠራሩ አንድ ቤተሰብ ነው። የሚለየው ብረቱ፣ የሚሸከመው ጉልበትና ዋጋው ነው።

---

የኤንትሬ_ልጅ · አዳማ

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ በድሮው ፊያት። ያ ካምቢዮ ሲንክሮ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር ይላል። ማርሽ ሲቀንስ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ፎሌ ያወጣል፣ ፍሪሲዮኑን ለቆ ነዳጅ ይመታል፣ እንደገና ረግጦ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ አውቶማቲክ መኪና ውስጥ ተቀምጦ እንኳን ግራ እግሩ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ቀን ወንድሜ ሲሙሌተር ላይ አስቀመጠው። አሴቶ ላይ ሲንክሮ የሌለው የድሮ ፎርሙላ መኪና ነው የሰጠው። ያለ ፍሪሲዮን በጆሮው ብቻ እየሰማ ያስገባው ነበር። ወንድሜ ግን በየማርሹ ያንጫጫዋል። አባቴ ምን አለው መሰለህ፤ «ዓይንህን ከሰዓቱ ላይ አንሣና ስማው፤ እሱ ራሱ ይነግርሃል።» ስለዚህ ድምፁ ልክ መሆን አለበት ስትሉ ለእኔ ጌጥ አይደለም። በጆሮ የሚነዳ ሰው ድምፁ ከዋሸው እንዴት ይነዳል?

---

ቀዝቃዛ_ራስ · ሐዋሳ

እሺ፣ ይህኛው ነጥብ ገብቶኛል። ግን ሁሉም የውድድር መኪና ዶግ አይደለም። ፖርሼ 956 እና 962 ሲንክሮ ያለው ካምቢዮ ነበራቸው፤ የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፉት በዚያ ነው። 962 አሴቶ ላይም አለ። እሱን እንደ ዶግ ካምቢዮ እየቀጠቀጠ የሚነዳ ሰው ብዙ ነው። ታገሥ፣ አትምታው። መኪናውን ሳያውቁ «ሪያሊስቲክ አይደለም» ማለትም አለ።

---

ድምፅ_ቤት · ሐዋሳ

ቀዝቃዛ ራስ፣ ዛሬ ጥሩ ተናገርክ።

---

አሥር_ሺህ_ዙር · አዳማ

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ጨዋታው ይችላል ወይስ አይችልም?

አሴቶ ኮርሳ ይችላል። ድምፁን የሚያጫውተው ኤፍሞድ በሚባል የድምፅ ፕሮግራም ነው፤ የእያንዳንዱ መኪና ድምፅ በክፍል በክፍል ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። ሞተር ለብቻው፣ የማርሽ ጠቅታ ለብቻው፣ «ጊር ግራይንድ» የሚባለው የመንጫጫት ድምፅ ለብቻው፣ «ትራንስሚሽን» የሚባል ደግሞ ለብቻው። ፉጨቱ መቀመጥ ያለበት እዚህ የመጨረሻው ውስጥ ነው። ብዙ ሞድ ሠሪ ይህን ባዶ ይተወዋል፤ ፉጨት ያለበት የሞተር ቅጂ ስላለው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ስለ ቅጣቱ ደግሞ መኪናው ዳታ ውስጥ «ድራይቭትሬይን» የሚባል ፋይል አለ። እዚያ ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ማርሽ ለመቀየር የሚወስደው ጊዜ በሚሊሰከንድ ተጽፏል። አንዳንድ ሞድ ላይ ቁጥሩን ስታየው ያስቃል። የሞተሩን ጉልበት ለቅጽበት የሚቆርጥ ጥሩ ሲኩዌንሻል ከ50 እስከ 100 አካባቢ ቢሆን ያስማማል። ከዚያ «ቫሊድ ሺፍት አርፒኤም ዊንዶው» የሚል መስመር አለ፤ ማርሽ የሚገባበት የዙር መስኮት ማለት ነው። ዙሩ ከትክክለኛው ምን ያህል ቢርቅ ማርሹ ይግባ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። በጣም ሰፊ ከሆነ ሁሉም ይገባል፤ የጠያቂያችን የሦስተኛ_ማርሽ ችግር ይህ ይመስለኛል። አጥብበው፤ መንጫጫት ይጀምራል። ወደ ታች ስትወርድ ሞተሩን የሚጠብቀው ክፍልም ለብቻው አለ። መኪናው በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ጥበቃ ከሌለው አጥፋው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዳታውን ከነካኸው ኦንላይን ሰርቨር አያስገባህም፤ ፋይሉ ከእነሱ ጋር ካልተመሳሰለ ያባርርሃል። መኪናውን ኮፒ አድርገህ በሌላ ስም ሥራው።

ለሌሎቻችሁ፤ ቢምኤንጂ የሚባለው ሲሙሌተር ላይ የማርሽ ፉጨት ከሞተሩ ተለይቶ ነው የሚሠራው። የውድድር ካምቢዮ ግጠሙለትና ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ስሙት። ላፕቶፑ ደካማ የሆነበት ደግሞ ላይቭ ፎር ስፒድን ይሞክር። የሞተሩን ድምፅ ከቅጂ አይደለም የሚያወጣው፤ እዚያው እየፈበረከ ነው። ድምፁ ትንሽ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል፤ ግን አይዋሽም። ነፃው ዴሞ ውስጥ ያለችው ትንሿ ፎርሙላ ቢኤምደብሊው ሲኩዌንሻል ናት። የእውነተኛዋ ሞተር ከቢኤምደብሊው ሞተር ሳይክል የተወሰደ ነው፤ ባጃጅ ዳር ደስ ይበለው።

---

ባጃጅ_ዳር · ሐዋሳ

አልኳችሁ እኮ!!

---

ሦስተኛ_ማርሽ · አዳማ

ሞከርኩት። ፎሌ ላይ ነዳጅ ስሰጠው እንደ ሩጫው ያፏጫል። ስለዚህ ድምፅ ቤት ያልሽው ነው፤ ተጋግሯል። የትራንስሚሽኑ ክፍል ባዶ ነው።

መስኮቱን አጠበብኩት። አሁን ነዳጅ ሳልለቅ ያለ አግባብ ስጎትተው እምቢ ብሎ ይንጫጫል። ዙሬ ቢዘገይም መኪናው ሌላ መኪና ሆኖብኛል፤ ከመታጠፊያ በፊት ማርሽ ስቀንስ እጄ ያልበኛል። ፉጨቱን ግን ምን ላድርገው? ሞተሩን ልቀይረው ወይስ ከውስጡ ማውጣት ይቻላል?

---

ድምፅ_ቤት · ሐዋሳ

ማውጣት ይቻላል፤ ትዕግሥት ካለህ።

ሰው የሚፈራው ፉጨቱ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ግን ቁርጥራጮቹ ላይ አይንቀሳቀስም! እያንዳንዱ ቅጂ የተቀዳው ዙሩ በቆመበት ነው። ስለዚህ በአንዱ ቅጂ ውስጥ ፉጨቱ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ቀጭን መስመር ነው። በድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ሥዕሉን ስትከፍተው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ታየዋለህ። ከላዩ እጥፎቹ አሉ፤ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ። ያንን ክር በጣም ጠባብ በሆነ ማጣሪያ ቁረጠው። ሰፊ ካደረግከው ሞተሩ ይታፈናል፤ ስለዚህ ጠበብ።

ከዚያ አዲስ ፉጨት ለብቻው እንሠራለን፤ ትራንስሚሽን ውስጥ ይገባል። ነዳጅ ሲረገጥ ጠንካራ፣ ሲለቀቅ ለስለስ። ለዚህ የጥርሱ ቁጥር ያስፈልገኛል። የትኛው ካምቢዮ እንደሆነ ታውቃለህ?

ድምፁን አታስጩኸው ደግሞ። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ2000 እስከ 5000 ጊዜ አካባቢ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው አብልጦ የሚሰማው፤ ፉጨቱ በአብዛኛው እዚያው ሠፈር ነው። የርካሽ ኢርፎን ደግሞ ወፍራሙን የሞተር ድምፅ አያወጣም። ሁለቱ ሲገናኙ ከመኪናው ይልቅ ፉጨቱ ብቻ ይቀርሃል። ሞድ ሠሪዎቹ የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ሰው ስለሚወደው ይጨምሩታል።

---

ካምቢዮ_ሰባሪ · አዳማ

ተመለስኩ። እውነተኛ ቪዲዮ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሞዱን ሰማሁ። ከእንግዲህ ሞዱን መስማት አልችልም። ሒሳብ አይዋሽም፣ ደስታዬን ነው የቀማኸኝ።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። የእኔ መሪ ጂ25 ነው፤ ስጠመዝዘው ራሱ ይንኳኳል። ይሄስ የምን ዘንግ ነው?

---

አሥር_ሺህ_ዙር · አዳማ

የአንተማ እዚሁ ጉዳይ ውስጥ ነው። ጂ25 ውስጥ ያሉት ማርሾች ቀጥ ያለ ጥርስ ናቸው። ጂ27 ሲወጣ ሎጊቴክ ወደ ሰያፍ ጥርስ ቀየራቸው፤ ድምፁ እንዲቀንስ ብሎ። ሦስተኛ ማርሽ የቤት መኪና ይዟል፣ አንተ የውድድር መኪና ይዘሃል።

ቁም ነገሩ፣ የአንተ ማርሽ ማስገቢያ ወደ ሲኩዌንሻል ይቀየራል። በጂ27 ይህን አንስተውታል። ስለዚህ ሦስተኛ ማርሽ በጣቱ ነው የሚቀይረው፤ አንተ ግን ዘንጉን መጎተት ትችላለህ። አትሽጠው።

---

ኪቦርድ_ነጂ · አዳማ

እኔ መሪ የለኝም፤ በኪቦርድ ነው የምነዳው። መስኮቱን ካጠበብኩት ማርሽ ጨርሶ አይገባልኝም ማለት ነው?

---

አሥር_ሺህ_ዙር · አዳማ

እዚያው ፋይል ላይ ከሥሩ «ኮንትሮልስ ዊንዶው ጌይን» የሚል አለ። ማርሹ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገባ እሱም ይነካዋል። ጠባቡን መስኮት ትተህ እሱን ከፍ ዝቅ እያደረግክ ሞክር። ኪቦርድ ላይ ነዳጁ ወይ አለ ወይ የለም፤ እንደ መሪው አትጠብቅበት።

---

ሒሳብ_አይዋሽም · አዳማ

ድምፅ ቤት፣ ስለ ጥርሱ ቁጥር። ሞዱ የተሠራበት እውነተኛ መኪና ካምቢዮው ሂውላንድ የሚባለው የውድድር ካምቢዮ ሠሪ ከሆነ ሥራችን ቀለለ። ሂውላንድ ማርሾቹን የሚጠራቸው በጥርስ ጥንድ ነው፤ ይህን ያህል ለዚያን ያህል እያለ። ሬሾው ብቻ ካለን ደግሞ የሁለቱን ድምር ገምተን መፈለግ እንችላለን፤ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት ስለማይቀየር ድምሩ ብዙ አይለዋወጥም። ሦስተኛ ማርሽ፣ ስድስቱንም ሬሾ ለጥፍልን።

---

ሦስተኛ_ማርሽ · አዳማ

ዛሬ ማታ እለጥፋለሁ። ሞዱን የሠራውን ሰውም ጽፌለታለሁ፤ ሳይፈቅድ የእሱን ድምፅ ነካክተን እንዳናሰራጭ።

---

ድምፅ_ቤት · ሐዋሳ

ጥሩ አደረግክ። የሞተሩን ቅጂዎች ላክልኝ፤ ነዳጅ የተረገጠባቸውን አስቀድመህ። ዚፕ አድርጋቸው ግን ኤምፒ3 አታድርጋቸው፤ ክሩን ያደበዝዘዋል። ፋይሉ ከከበደህ አንድ ሁለቱን ላክ፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስሄድ የቀረውን አወርዳለሁ።